በብርድ የሚያብበው ካሚሊያ

በአሜሪካዋ አላባማ ሌላው ዛፍ ቅጠሉን አራግፎ ሲቆም የሚያብብ ቁጥቋጦ አለ፤ ካሚሊያ። ግዛቲቱ እ.ኤ.አ. በ1959 መለያ አበባዋ አድርጋዋለች። የትውልድ አገሩ ግን ምሥራቅ እስያ ነው፤ እኛ ውሽውሽ ላይ የምንለቅመው ሻይም የቅርብ ዘመዱ ነው።

ቀድሞ የሚያብበው ሳሳንኳ የተባለው ዝርያ ነው፤ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ይፈነዳል። አበባው ተለቅ የሚለው ጃፖኒካ ይከተላል።

አተካከል ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ጥልቀቱን ነው። ሥሩ ላይ ላዩን ስለሚሄድ የግንዱ አንገት ከመሬቱ ትንሽ ከፍ ይበል። ውሃ የሚቋጥር ቦታ ሥሩን ያበሰብሰዋል። አፈሩ አሲዳማ ይሁን፤ ኖራ አይስማማውም።

እምቡጡ ሳይፈነዳ ከረገፈ ውሃ ጠምቶት ወይም ውርጭ መትቶት ይሆናል። ውርጭ ያደረበትን እምቡጥ የማለዳ ፀሐይ በድንገት ስታቀልጠው ቡናማ ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ ወደ ምሥራቅ በሚያይ ቦታ ባይተክሉት ይመረጣል።

መቀስ የሚነካው አበባው እንዳለቀ ነው። ሐምሌ ላይ መግረዝ የመጪውን ዓመት እምቡጥ መጣል ነው። ትልቅ አበባ ያማራችሁ ደግሞ፣ በቅርንጫፉ ጫፍ ከተጠጋጉት እምቡጦች አንዱን ትታችሁ ሌሎቹን በጣታችሁ ጠምዘዝ አድርጋችሁ አንሱ።