ቆረቆርና ጭርት፦ ፈንገስ ፀጉርን እንዴት ይበላል?
(በማኅበራችን የጤና ውይይት ላይ የቀረበ ንግግር)



ማኅበራችን አሥረኛ ዓመቱን በሚያከብርበት በዚህ ወቅት ስለ ቆረቆር ለመናገር መነሣቴ አንዳንዶቻችሁን ሳያስገርም አይቀርም። ነገር ግን ቆረቆር እኛ ዘንድ በሽታ ብቻ ሳይሆን ስድብም ነው። “ቆረቆራም” መባልን በመፍራት ልጁን ኮፍያ አልብሶ የሚደብቅ፣ ለጎረቤት ሳይሰማ ቅባት የሚቀባ ወላጅ ጥቂት አይደለም። ስለዚህ በሽታው ከምን እንደሚመጣና ቅባት ብቻውን ለምን እንደማያድነው ባጭሩ ላስረዳ።

የቆረቆርና የጭርት መንሥኤ ፈንገስ ነው። ይኸውም ዳቦ ላይ ከሚወጣው ሻጋታ ወገን የሆነ፣ በዓይን የማይታይ ሕይወት ያለው ነገር ነው። እኛ ምግብን ከበላን በኋላ ሆዳችን ውስጥ እንፈጨዋለን፤ ፈንገስ ግን አፍም ሆድም ስለሌለው አስቀድሞ ውጭ ይፈጭና በኋላ ይመጠዋል። ለመፍጨት የሚያገለግሉት ከሰውነቱ ወደ ውጭ የሚያመነጫቸው ፕሮቲኖች ናቸው። እነዚህም ኢንዛይም ይባላሉ።

ምግቡ ደግሞ ኬራቲን ነው። ፀጉራችን፣ ጥፍራችንና የቆዳችን የላይኛው ንጣፍ የተሠሩት ከዚህ ጠንካራ ፕሮቲን ነው። ኬራቲንን ያጠነከረው የድኝ ማሰሪያ ስለሆነ ማንኛውም ኢንዛይም በቀላሉ አይቆርጠውም። ፈንገሱ በመጀመሪያ ሰልፋይት የተባለ ንጥረ ነገር አውጥቶ ማሰሪያውን ይፈታል፤ ሹሩባ ተፈትቶ ፀጉሩ እንደሚላላ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሰብቲሊሲንና ፈንጋሊሲን የሚባሉት ኢንዛይሞች ኬራቲኑን ከመካከሉ ይቆራርጡታል፤ ሌሎች ደግሞ ቁራጩን ከጫፉ እየለቀሙ ያሳንሱታል። የቀረውን ፈንገሱ ይመጠዋል።

የእነዚህ ፕሮቲኖች ሥራ መፍጨት ብቻ አይደለም። ከድመትና ከውሻ ወደ ሰው የሚተላለፈው ማይክሮስፖረም ካኒስ የተባለው ፈንገስ፣ ሰብ 3 የተባለውን ኢንዛይሙን ካላመነጨ ቆዳ ላይ በደንብ መጣበቅ እንደሚያቅተው በቤልጂግ የሊዬዥ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 አሳይተዋል። በሌላ በኩል የሰውነታችን መከላከያ እነዚህን ባዕድ ፕሮቲኖች ሲያይ ይቆጣል። መቅላቱና ማሳከኩ በአብዛኛው የዚህ ቁጣ ውጤት ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ቆረቆርን በብዛት የሚያመጣው ትሪኮፊተን ቫዮላሲየም፣ እዚህ አሜሪካ ደግሞ ትሪኮፊተን ቶንሱራንስ ነው። ሁለቱም ከሰው ወደ ሰው በማበጠሪያ፣ በኮፍያና በፀጉር መቁረጫ ቶንዶስ ይተላለፋሉ። ሁለቱም የሚራቡት ፀጉሩ ውስጥ ነው። ስለሆነም ፀጉሩ ከሥሩ ይሰበርና ጥቁር ነጥብ ብቻ ይቀራል። ቅባቱ ከላይ ይቀራል፤ ፈንገሱ ከውስጥ ይበላል።

መፍትሔው የሚዋጥ መድኃኒት ነው። ግሪሲዮፉልቪን እ.ኤ.አ. በ1939 የተገኘው ከራሱ ከሻጋታ ነው፤ በአፍ ሲሰጥ እንደሚሠራ በእንስሳት ላይ የታየው በ1958 ነበር። መድኃኒቱ በደም አድርጎ ሥር ላይ በሚበቅለው አዲስ ፀጉር ውስጥ ይገባል፤ አዲሱ ፀጉር እየተጠበቀ ይወጣል፣ የታመመው አሮጌው ይወገዳል። ፀጉር ደግሞ በአንድ ቀን አይበቅልም። ሕክምናው ሳምንታት፣ አንዳንዴም ከሁለት ወር በላይ የሚወስደው በዚህ ምክንያት ነው። “ተሻለው” ብሎ በሁለተኛው ሳምንት ማቆም ድካሙን ሁሉ ከንቱ ያደርጋል። ቴርቢናፊን የተባለውም መድኃኒት ለትሪኮፊተን ዓይነቶቹ በሚገባ ይሠራል። የትኛው ለልጁ እንደሚስማማ የሚወስነው ሐኪም ነው።

አንድ ነገር በጥብቅ ላሳስብ። ከየሱቁ የሚገዛ፣ ከአገር ቤትም በሻንጣ የሚመጣ፣ አንዳንዱም ፊት ለማቅላት የሚቀባ ስቴሮይድ ያለበት ቅባት አለ። ጭርት ላይ ሲቀባ መቅላቱ ይጠፋል፤ የጠፋው ግን የሰውነት ቁጣ እንጂ ፈንገሱ አይደለም። ዘበኛው ተኝቶለት ፈንገሱ ይስፋፋል፤ መልኩም ስለሚለወጥ ሐኪም እንኳ ለመለየት ይቸገራል።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ የልጅ ፀጉር በክብ ሲሳሳ ወይም ሲቀረፍ ብታዩ ሳትውሉ ሳታድሩ ለሐኪም አሳዩት፤ ወንድም እኅቶቹም ይታዩ። ድመት ወይም ውሻ ካላችሁ የእንስሳት ሐኪም ይያት። ፀጉር አስተካካዮቻችን ቶንዶሱንና ማበጠሪያውን ከእያንዳንዱ ሰው በኋላ አጽዱልን። ሕክምና የጀመረ ልጅም ከትምህርት ቤት መቅረት አያስፈልገውም።

ከሁሉ በላይ ስድቡን እንተው። ልጁን የሚያስደብቀው በሽታው ሳይሆን የእኛ አፍ ነው፤ የተደበቀ ልጅ ደግሞ ሐኪም አያየውም።