የመቃብር ቦታችንን ባለን አቅም ስለ መጠበቅ
(በእድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የእድራችን ዳኛ «አጠር አድርገህ ተናገር» ብለውኛል። ነገሩ ግን የሙታኖቻችን ማረፊያ ስለሆነ ትንሽ ታገሡኝ።

የደብራችን ግቢ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ቀብር በወጣን ቁጥር የምናየው ነው። አጥሩ ፈርሷል፤ ከብት ይገባል፤ ክረምት ሲሆን ጎርፉ አፈሩን እየላጠ ይወስደዋል። ቤተ ክርስቲያን ታስጠግነው እንዳንል፣ ድሮ የነበራት መሬት በየካቲት 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቀርቷል። ዞሮ ዞሮ ነገሩ ወደ እኛ ኪስ ይመጣል፤ ኪሳችንን ደግሞ እንተዋወቃለን።

አጥሩን በብሎኬት ወይም በቆርቆሮ እንሥራው የሚሉ አሉ። እኔ አልደግፈውም። ድንጋዩ በየማሳው ሞልቶ ገበሬውን አስቸግሮታል፤ እሱን ለቅሞ መካብ ነው። ካብ ሲባል ግን ዝም ብሎ መቆለል አይደለም። መጀመሪያ ጠንካራ መሬት እስኪገኝ ይቆፈራል፤ ትልልቁ ድንጋይ ከታች ይሆናል፤ ወርዱ ከሥር 80 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ወደ ላይ እየጠበበ ይሄዳል። በየመካከሉ ከዳር እስከ ዳር የሚደርስ ረጅም ድንጋይ ካልገባበት ሆዱ ተነፍቶ ይፈርሳል። ሲሚንቶ አይፈልግም፤ ውኃውም በቀዳዳው ስለሚያልፍ ጎርፍ ቶሎ አይገፋውም።

ይህን ከራሴ አላመጣሁትም። «እመጓ» በተባለው መጽሐፋቸው የምታውቋቸው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ሙያቸው የደን ጥናት ነው። በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ባደረጉት ጥናት፣ ከብት በማይገባበት ቦታ ችግኙ እንደሚያድግ፣ ባልታጠረው ግን እየተረገጠና እየተበላ እንደሚጠፋ አሳይተዋል። በዚያው አገር ሕዝቡ ከማሳው ድንጋይ እየለቀመ የአንዳንዱን ደብር ዙሪያ ክቧል። ስለዚህ ካባችን ከቆመ ከአሮጌው ጥድና ወይራ ሥር የሚወድቀው ፍሬ ዕድል ያገኛል፤ ለችግኝ የምናወጣው ገንዘብም ይቀንሳል። ባሕር ዛፍ ግን እባካችሁ ይቅር። ቶሎ ይደርሳል፣ ይሸጣል፣ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ውኃውን ይመጠዋል፣ በሥሩም መቃብሩን ያናጋል።

ለጎርፉ ከግቢው በላይ በኩል አግድም፣ ትንሽ ዘመም ያለ ቦይ ከሰኔ በፊት ይቆፈር። ቁልቁል ቀጥ ብሎ ከተቆፈረ ራሱ ገደል ይሆናል። ከቀብር በኋላ የሚጣለው የላስቲክ አበባም ቦዩን ስለሚደፍነው የባለቀብሩ ቤተሰብ ያንሳው።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ፤ የሚቀየመኝ ካለ ከስብሰባው በኋላ ያናግረኝ። በሲሚንቶና በእምነ በረድ የሚሠራው ሐውልት በዝቷል። አንዱ ከነዙሪያው የሁለት ሰው ቦታ ይይዛል፤ ሲሚንቶ የፈሰሰበት ደግሞ ተመልሶ አይቆፈርም። ግቢው አይሰፋም። ታዲያ ድሃው የት ይቀበር? ባለፈው ክረምት አንዲት እናታችንን ለመቅበር ሦስት ቦታ ተቆፈረ፤ በሦስቱም አጽም ወጣ፤ ልጆቿ ቆመው እያዩ! የሙስሊም ጎረቤቶቻችንን መቃብር ተመልከቱ፤ አፈርና ድንጋይ ነው፤ ሙታናቸውን አያከብሩም የሚል ማን አለ?

ስለዚህ የተሠራው አይነካ፤ ከእንግዲህ ግን ከራስጌው ስም የተጻፈበት አንድ ድንጋይ ይብቃ እላለሁ። ለሐውልት ያሰበው ገንዘብ ያለው ሰው በሟቹ ስም ጥቂት ሜትር ካብ ያሠራ። ይህን ቄሰ ገበዙ ባሉበት በድምፅ እንድትወስኑ እጠይቃለሁ።

አጽም በአጽም ላይ የምንቆፍረው ማን የት እንዳለ ስለማናውቅም ጭምር ነው። የእድሩ ጸሐፊ አንድ መዝገብ ይክፈት፤ ስምና ስመ ክርስትና፣ የተቀበረበት ቀን፣ ተራውና ቁጥሩ ይጻፍ፤ ቁጥሩ በድንጋዩ ላይ በቀለም ይደረግ። አንድ ደብተርና አንድ ጣሳ ቀለም ነው። እማማዎችና አባባዎች፣ የማን መቃብር የት እንደሆነ የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ዘንድሮ ንገሩን።

ሥራው የሚጀመረው ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ፣ በዓል በማይውልባቸው ቀኖች ነው። ቀኑን ጥሩምባ ነፊያችን ያስታውቃል፤ ያን ቀን ጥሩምባ ስትሰሙ ደግሞ ማን ሞተ ብላችሁ አትደንግጡ። ዶማና አካፋ ያለው ይዞ ይምጣ። ጉልበት የሌለው ውኃና ቆሎ ያቅርብ፤ ካብ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ያሠሩን።