የቡና ፍሬና የቁጥር ገበታ፦ ሕፃናትን በጨዋታ ሒሳብ ስለ ማለማመድ

(በዲላ ከተማ ለአብነትና ለሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን እንዲሁም ለወላጆች የቀረበ ንግግር)





ዛሬ በፊታችሁ ይዘን የቀረብነው ጉዳይ በአንድ ቅጠል ወረቀትና በአንድ እፍኝ ቡና የሚጠቃለል ነው። ይኸውም ከፎቶ ኮፒ ቤት ታትሞ በሚወጣ የጨዋታ ገበታ ሕፃናት መደመርንና መቀነስን እንዴት እንደሚለማመዱ ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ከበስተኋላው ያለው ጥያቄ ግን ቀላል አይደለም። አንድ ልጅ እስከ 10 ያሉትን ቁጥሮች መደመርና መቀነስ ሳይደላደልለት ወደ ላይኛው ክፍል ካለፈ፣ ከዚያ በኋላ የሚሰጠው የሒሳብ ትምህርት ሁሉ መሠረት በሌለው ግድግዳ ላይ የሚጫን ጣራ ይሆንበታል። 3ኛ ክፍል ደርሶ 8ን እና 5ን ለመደመር ከ1 ጀምሮ የሚቆጥር ልጅ ሰነፍ አይደለም፤ በቂ ልምምድ ያላገኘ ልጅ ነው።

ልምምዱ ለምን ጎደለ? መልሱን ራሱ ሒሳቡ ይነግረናል። ለአብነት 60 ልጆች በተቀመጡበት ክፍል ውስጥ የ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ለእያንዳንዱ ልጅ ቢታደል፣ የሚደርሰው 40 ሰከንድ ብቻ ነው። ወደ ጥቁር ሰሌዳ ወጥቶ አንድ ጥያቄ ሳይጨርስ ተራው ያልፋል። እነዚያው 60 ልጆች ሁለት ሁለት ሆነው በ30 ገበታዎች ዙሪያ ቢቀመጡ ግን፣ በዚያው ሰዓት እያንዳንዱ ልጅ ደጋግሞ ይደምራል፣ ደጋግሞ ይቀንሳል፣ ጓደኛውንም ያርማል። የመምህሩ ትጋት አልጎደለም፤ የጎደለው ተራ ነው። ገበታው የሚሰጠውም ይህንኑ ተራ ነው።

በጌዴኦ ዞን ደግሞ ትምህርት የሚቋረጥባቸው ተጨማሪ ምክንያቶች አሉ። ከወናጎና ከይርጋጨፌ እስከ ኮቸሬና ገደብ የቡና ለቀማ ሲደርስ የቤተሰቡ እጅ ሁሉ፣ የሕፃናቱም ጭምር፣ ወደ ቡናው ይዞራል። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ አካባቢዎች በተፈጠረው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ሲፈናቀሉ፣ ልጆች ይማሩባቸው ከነበሩት ክፍሎች አንዳንዶቹ መጠለያ ሆነው ነበር። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ደግሞ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በመላ አገሪቱ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። የትምህርት ቤቱ በር በሚዘጋበት ጊዜ ሁሉ ለልጁ የሚተርፈው በጭንቅላቱ የያዘውና በቤቱ የሚያገኘው ብቻ ነው። ስለዚህ ወደ ቤት ሊገባ የሚችል፣ መብራትም ስልክም የማይፈልግ የመለማመጃ መሣሪያ ያስፈልገናል።

ለመሆኑ የታተመ ገበታ ለቤተ ክርስቲያናችን እንግዳ ነውን? አይደለም። ብዙዎቻችን ፊደል የቆጠርነው ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ ካሳተሙት የፊደል ገበታ ላይ ነው። 33ቱ ፊደላት በየ7 ሆሄያቸው ተዘርግተው 231 ሆነው በአንድ ገጽ ይታያሉ። ሆኖም ገበታውን ዝም ብሎ በማየት ፊደል የለየ ልጅ የለም። በጣቱ ወይም በስንጥር እያመለከተ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ እየጠራ፣ ከእርሱ ቀድሞ የገባው ተማሪ እየሰማና እያረመው ነው የተማረው። ወረቀቱ መንገዱን አሳየ፤ ያስተማረው ግን የልጁ አንደበትና ጆሮ ነው። የዛሬው ንግግራችን ፍሬ ነገርም ይኸው ነው፤ የቁጥር ገበታም የሚያስተምረው የልጁ ድምፅ ሲሰማበት ብቻ ነው።

ቁጥርም ቢሆን ከቅኔ ማኅሌታችን የራቀ አይደለም። ባሕረ ሐሳብን የተማራችሁ እንደምታውቁት፣ ለምሳሌ ለ2018 ዓ.ም. 5500 ሲደመርበት ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል። ይህ በ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንዱ ለዘመን ተትቶ ወንበሩ 12 ነው። 12 በ11 ተባዝቶ 132 ሲሆን በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12 ይወጣል፤ 12 በ19 ተባዝቶ 228 ሲሆን በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18 ይወጣል። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩም እንደ ሁልጊዜው 30 ይሆናሉ። አጽዋማትንና በዓላትን የምናውቅበት ጥበብ የቆመው በመደመር፣ በመቀነስ፣ በማባዛትና በማካፈል ላይ ነው። «አበቅቴው 12 ነው» ሲሉት «እንግዲያው መጥቅዑ 18 ነው» ብሎ ወዲያው የሚመልስ ሊቅ፣ ያንኑ ሥራ የጀመረው 4 ሲሉት 10 ለመሙላት 6 እንደሚቀረው ባወቀበት በሕፃንነቱ ነው።

እንግዲህ ወደ ገበታዎቹ እንለፍ። ያዘጋጀናቸው 3 ናቸው።

የመጀመሪያው የመንገድ ገበታ ነው። 10 ሳጥኖች ከግራ ወደ ቀኝ በአንድ መስመር ተደርድረው ከ1 እስከ 10 ተቆጥረውባቸዋል። ሁለት ልጆች አንዳንድ የቡና ፍሬ ይዘው ከመስመሩ መነሻ ይቆማሉ። ከትንሽ ሙዳይ ውስጥ 1 ወይም 2 የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት እያወጡ ይራመዳሉ። ሕጉ አንድ ነው፤ ልጁ የሚጠራው የረገጠውን ሳጥን ቁጥር ነው። 4 ላይ የቆመ ልጅ 2 ቢያወጣ «አንድ፣ ሁለት» አይልም፤ «አምስት፣ ስድስት» ይላል። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ጨዋታውን ትምህርት የሚያደርገው ይኸው ነው። «አምስት፣ ስድስት» ያለ ልጅ ከ4 ተነሥቶ 2 መደመርን ተለማመደ፤ «አንድ፣ ሁለት» ያለው ግን ፍሬውን ብቻ አራመደ።

ይህን በአሜሪካ የተደረገ ጥናት ያጸናልናል። ሮበርት ሲግለርና ጊታ ራማኒ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው ቤተሰቦች የመጡ ገና ትምህርት ቤት ያልገቡ ሕፃናትን እንዲህ ባለ ከ1 እስከ 10 በተቆጠረ ገበታ አጫወቱ። ሌሎቹን ሕፃናት ደግሞ በቁጥር ፋንታ ቀለማት ባሉበት ገበታ አጫወቱ። ጨዋታው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ የሚወስድ ሆኖ 4 ጊዜ ብቻ የተካሄደ ነበር። በቁጥር ገበታ የተጫወቱት ቁጥርን በመለየትና የትኛው እንደሚበልጥ በማወቅ ተሻሻሉ፤ ከ9 ሳምንታት በኋላም ያገኙት አልጠፋባቸውም። በቀለማት የተጫወቱት ግን ያን ያህል ለውጥ አላሳዩም። ልጆቹን የጠቀማቸው ጨዋታ መሆኑ ብቻ ሳይሆን ቁጥሩን እያዩና እየጠሩ መራመዳቸው ነው።

ሁለተኛው የአሥር ገበታ ነው። የተፈለፈለ የቡና ፍሬ አንድ ጠፍጣፋ ፊትና አንድ ክብ ጀርባ እንዳለው በዚህ አገር የማያውቅ ልጅ የለም። 10 ፍሬዎች በመዳፍ ውስጥ ተነቅንቀው በወረቀቱ ላይ ይበተናሉ። ፊታቸውን ያሳዩት 4 ቢሆኑ ጀርባቸውን ያሳዩት 6 ናቸው፤ ልጁም «አራትና ስድስት፣ አሥር» ይላል። ከወረቀቱ ግርጌ ከ0 እስከ 10 የተቆጠሩ ረድፎች ስላሉ በየጊዜው የወጣውን በጠጠር ያመለክታል። 5 አካባቢ ያሉት ረድፎች ቶሎ ሲሞሉ፣ 0 እና 10 ግን ባዶ ሲቀሩ ሲያይ «ለምን?» ብሎ ይጠይቃል፤ ይህን ጥያቄ አትከልክሉት። ለመቀነስ ደግሞ አንዱ ልጅ ከ10ሩ ፍሬዎች ጥቂቱን በእጁ ይሸፍናል፤ 7 ከታዩ ጓደኛው የተሸፈኑት 3 መሆናቸውን ይናገራል፤ እጁም ሲነሣ መልሱን ፍሬዎቹ ይመሰክራሉ።

ሦስተኛው የመቶ ገበታ ነው፤ ለ2ኛና ለ3ኛ ክፍል ልጆች ይሆናል። ከ1 እስከ 100 ያሉት ቁጥሮች 10 በ10 ተደርድረውበታል። በዚህ ላይ 10 መደመር አንድ ሳጥን ወደ ታች መውረድ ነው፤ ከ37 ወደ 47። አንድ አባት 37 ኪሎና 28 ኪሎ እሸት ቡና በሁለት ጊዜ ቢያስመዝን፣ ልጁ ከ37 ሁለት ሳጥን ወርዶ 57 ይደርሳል፤ ከዚያም 8 ተራምዶ 65 ይላል። ይህን በቤቱ የተለማመደ ልጅ በሚዛኑ አጠገብ ለአባቱ ምስክር ይሆናል። የጌዴኦ ገበሬ ከቡናው የሚያገኘው የዓመት ኑሮ በቁጥር የሚወሰን ነውና፣ ሒሳብ ማወቅ ለቤተሰቡ ጥበቃ ነው።

አንዳንድ ወላጆች «ጨዋታ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ እንዴት ይሆናል?» ብለው ጠይቀውናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከሌላ አገር የሚመጡ እንዲህ ያሉ ጨዋታዎች ብዙዎቹ በካርታና በዳይስ የሚሠሩ ናቸው፤ እነዚህም በመንደራችን የቁማር ስም አለባቸው። ስለዚህ ሁለቱንም ትተን በሙዳይ የሚወጣ ቁራጭ ወረቀትንና የቡና ፍሬን ተጠቅመናል። ገንዘብም ከረሜላም አይያዝበትም፤ ጨዋታው ሲያበቃ ፍሬዎቹ ተቆጥረው ወደ ከረጢታቸው ይመለሳሉ፤ መቁጠሩም ራሱ ትምህርት ነው። አባቶቻችንም በገበጣ ጠጠር ሲዘሩና ሲቆጥሩ ኖረዋል፤ ልጅን እያጫወቱ ማስቆጠር አዲስ ነገር አይደለም።

ስለ ቋንቋም አንድ ነገር እንበል። በዞኑ ትምህርት ቤቶች በታችኛዎቹ ክፍሎች ጌዴኡፋ የማስተማሪያ ቋንቋ ነው፤ በዲላ ከተማ ደግሞ አማርኛ በቤታቸው የሚነገር ልጆች ብዙ ናቸው። በገበታዎቹ ላይ ከቁጥርና ከሥዕል በቀር ጽሑፍ ያላደረግነው ስለዚህ ነው። ልጁ በሚያስብበት ቋንቋ ይጥራ። ሁለት ቋንቋ የሚናገሩ ልጆች አብረው ሲቀመጡ ደግሞ በየተራ በሁለቱም ይጥሩት።

ለሥራው የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ገበታዎቹ በጥቁርና ነጭ፣ በወፍራም መስመር ስለተዘጋጁ በማንኛውም ፎቶ ኮፒ ቤት ይባዛሉ። ወረቀቱን በካርቶን ላይ ለጥፉት፤ ከላይም በግልጽ ፕላስቲክ ሸፍኑት፤ ያለዚያ የአካባቢያችን ዝናብና እርጥበት አያቆየውም። ወረቀት ባለቀበት ቦታ በመሬት ላይ መስመር አስምሮ መጫወት ይቻላል። ከ4 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ግን ፍሬውን ወደ አፍ፣ ወደ አፍንጫና ወደ ጆሮ ስለሚከቱ፣ ለእነርሱ የቡና ፍሬ አትስጡ።

መምህራን ሆይ፣ በገበታው ዙሪያ ስትዘዋወሩ ማን እንደቀደመ አትመልከቱ፤ ማን እንዴት እንደሚቆጥር ስሙ። አንዱ ሁሉንም ከ1 ጀምሮ ይቆጥራል፤ ሌላው ከትልቁ ቁጥር ተነሥቶ ይቀጥላል፤ ሦስተኛው ሳይቆጥር ይመልሳል። በጣቱ የሚቆጥረውን ልጅ አትገሥጹት፤ አባቶቻችን ባሕረ ሐሳብን በጣት አንጓ ቆጥረዋል። ጣቱን የሚተወው በእኛ ቁጣ ሳይሆን ቁጥሩ በልቡ ሲጻፍ ነው።

ከዛሬ ጀምሮ የምንለምናችሁ ሁለት ነገር ነው። የሰንበት ትምህርት ቤቶች በየሳምንቱ ከመርሐ ግብራቸው 20 ደቂቃ ለዚህ ይስጡ፤ ከ5ኛ ክፍል በላይ ያሉ ልጆችም እንደ አብነት ትምህርት ቤት ልማድ ታናናሾቻቸውን ያስጠኑ። ወላጆች ደግሞ በቡና ለቀማ ወራት አንድ ገበታ ወደ ቤት ወስዳችሁ፣ ማታ ቡናው እስኪፈላ ከልጆቻችሁ ጋር ተቀመጡ። ማንበብ የማይችል ወላጅም ፍሬ ይቆጥራልና ለዚህ አያንስም፤ ልጁ ድምፁን አውጥቶ እንዲጠራ ብቻ ይጠይቀው፤ ተቀምጦም ያዳምጠው።