ጫጩቷ የልጁ ከሆነች ገንዘቡ የማን ነው?

በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላትና ለተጋባዥ እንግዶች የቀረበ ንግግር







በእንደዚህ ዓይነቱ በዓል ላይ ስለቀረበው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር፣ ስለተሸጠው እህል፣ ስለተከፋፈለው የትርፍ ድርሻ ብዙ ይነገራል፤ መነገርም ይገባዋል። የዚህ ንግግር ጉዳይ ግን ስማቸው በማኅበራቱ መዝገብ ላይ የማይገኝ፣ በየአባሉ ቤት ውስጥ ግን የሚኖሩ ልጆች ናቸው። ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 18 ዓመት የሆኑ ወንዶችና ሴቶች ልጆች ከትምህርት በተረፈ ጊዜያቸው የራሳቸውን አነስተኛ ሥራ እንዲጀምሩና እንዲያሳድጉ ቤተሰብም ማኅበርም ምን ማድረግ እንደሚችሉ የሚመለከት ነው።

የመሬቱ ነገር ለማንም የተሠወረ አይደለም። አራትና አምስት ልጆች ያሉት አባወራ ጥማድ ተኩል መሬቱን ላካፍል ቢል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ለጎጆ መሥሪያ እንጂ ለእርሻ አይበቃም። ልጆቹም ይህንን ገና ስምንተኛ ክፍል ሳይደርሱ ያውቁታል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሁሉም አይቷል። አንዱ ለቀን ሥራ ወደ ከተማ ይወጣል፤ ሌላው ደላላ አግኝቶ በጅቡቲ በኩል ኦቦክ ወርዶ ባሕር ለመሻገር ይነሣል። ቤተሰብም በሬ ሸጦ ለደላላው ይከፍላል። ለደላላ የሚሸጠው በሬ ለልጁ ሥራ መጀመሪያ ይሁን ቢባል ኖሮ ብዙው አባት እሺ ባላለ ነበር። ይህ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው።

በአካባቢው ለልጅ ጫጩት ወይም ጠቦት መስጠት የቆየ ልማድ ነው። ልጁ ሲጠመቅ የክርስትና አባቱ ጠቦት ይሰጠዋል፤ አያቱ ዶሮ ስታስፈለፍል አንዷን ጫጩት “ይቺ ያንቺ ናት” ብላ ለልጅቷ ትመርቅላታለች። ልማዱ መልካም ነው። ችግሩ የሚመጣው ኋላ ነው። ጠቦቷ የልጁ የምትሆነው እስክታድግ ድረስ ነው። ወልዳ ሁለትና ሦስት ስትሆን የግብር ወይም የማዳበሪያ ዕዳ ይመጣና ልጁ ከትምህርት ቤት ሳይመለስ ገበያ ትወጣለች። ማታ “ላንተው ጫማ ልገዛልህ ነው” ይባላል። ጫማው አንዳንድ ጊዜ ይገዛል፣ አንዳንድ ጊዜ ይረሳል። ልጁ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ተነሥቶ ለበግ ሣር አያጭድም። ሰነፈ ተብሎ ይወቀሳል እንጂ ለምን እንደሰነፈ የሚጠይቅ የለም።

ስለዚህ ሥልጠናውም ብድሩም ከመምጣቱ በፊት መቅደም ያለበት በቤት ውስጥ የሚደረግ ስምምነት ነው። ከደብተር ላይ አንድ ቅጠል ወረቀት ይበቃል። እንስሳቱ የማን ናቸው፣ መኖውን የሚገዛው ማን ነው፣ አባት ያበደረው ገንዘብ ካለ መቼና በስንት ጊዜ ይመለሳል፣ የመሸጫውን ቀን የሚቆርጠው ማን ነው? ይህ ተጽፎ አባትና ልጅ ይፈርሙበታል፤ ከማኅበሩ ኮሚቴ አንድ ሰው ወይም የክርስትና አባቱ ምስክር ይሆናል። በአባትና በልጅ መካከል ወረቀት ምን ያደርጋል የሚል ሽማግሌ አይጠፋም። ማኅበሩ ራሱ ግን በጎረቤታሞችና በዘመዳሞች መካከል የተቋቋመ ሆኖ ያለ መተዳደሪያ ደንብና ያለ ደረሰኝ አንድ ዓመት እንኳ መቆም እንደማይችል እነዚሁ ሽማግሌዎች ከማንም በላይ ያውቁታል።

ለመጀመሪያ ሥራ የሚመከረው ዶሮ ነው። ቦታ አይፈልግም፣ ገንዘቡ ቶሎ ይመለሳል፣ ሥራው ከትምህርት በፊትና በኋላ ሊሠራ ይችላል። የአንድ ቀን ጫጩት ለጀማሪ አይመከርም፤ በመጀመሪያው ሳምንት እስከ 35 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀትና ተከታታይ ክትባት ይፈልጋልና በአንድ ብርዳም ሌሊት ሁሉም ሊያልቅ ይችላል። ሁለት ወር የሞላቸው፣ የመጀመሪያ ክትባታቸውን የጨረሱ ቄቦች ቢገዙ ይሻላል። አሥር ይበቃሉ። የአገር ውስጥ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ስትጥል የተሻሻለ ዝርያ በሚገባ ከተመገበች ከ200 በላይ ትጥላለች። ይህን ሰምተው የተሻሻለ ዝርያ ወስደው እንደ አገሩ ዶሮ ደጅ ለጭረት የሚለቁ ሰዎች ግን ዝርያውን ሲወቅሱ ይኖራሉ። ያልበላች ዶሮ ከየት አምጥታ ትጥላለች?

እዚህ ላይ ልጁ ሊማረው የሚገባው ዋናው ነገር ሒሳብ ነው። የመኖም የእንቁላልም ዋጋ በየገበያው ስለሚለዋወጥ በብር ብቻ ማስላት ያሳስታል፤ መኖውን በእንቁላል መመንዘር ይቀላል። አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን 120 ግራም ያህል መኖ ትበላለች፤ አሥሩ 1 ኪሎ ከ200 ግራም ማለት ነው። አሥሩ ዶሮዎች በቀን 7 እንቁላል ጣሉ እንበል። በዚያ ሳምንት አንድ ኪሎ መኖ በ4 እንቁላል ዋጋ የሚገዛ ከሆነ መኖው 5 እንቁላል ገደማ ይወስድና ሁለቱ ለልጁ ይተርፋሉ። አንድ ኪሎ መኖ 6 እንቁላል ካወጣ ግን የቀኑ መኖ ብቻ ከ7 እንቁላል በላይ ሆነ፤ ልጁ ሌሊት ተነሥቶ ቢሠራም ኪሳራ ላይ ነው። ያኔ ወይ የጓሮ ጎመንና የእህል ጥራጊ ጨምሮ የሚገዛውን መኖ ይቀንሳል፣ ወይ መጣል የቀነሱትን ለይቶ ለበዓል ይሸጣል። ይህቺን ስሌት በየሳምንቱ የሚሠራ የ15 ዓመት ልጅ ከብዙ ነጋዴ የተሻለ ነጋዴ ነው።

በደብተሩ ላይ ቤት ውስጥ የተበላውም እንቁላል ይጻፍ። ሦስት እንቁላል ለታናሽ ወንድም ቢጠበስ ለእናት እንደተሸጠ ይመዝገብ፤ እናት ባትከፍልም ልጁ ሥራው ምን እንዳመረተ ያውቃል። ብዙው የዶሮ ሥራ “አልተጠቀምኩም” ተብሎ የሚተወው ትርፉ ድስት ውስጥ ገብቶ ሳይቆጠር ስለቀረ ነው።

ጊዜውን ማወቅም ትልቅ ነገር ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን በክርስቲያኑ አካባቢ የእንቁላል ገዢ ይጠፋል፤ በፋሲካ ደግሞ ዋጋው ይሰቀላል። ቄብ በአምስት ወሯ ገደማ መጣል ስለምትጀምር የሁለት ወር ቄብ በጥምቀት ሰሞን የገዛ ልጅ የጾሙን ጊዜ በማሳደግ ያሳልፍና ለፋሲካ እንቁላል ይደርስለታል። በጾም የሚጥሉ ዶሮዎች ያሉት ደግሞ አውራ ዶሮውን ይለይ። ዶሮ ያለ አውራ ትጥላለች፤ አውራ ያልነካው እንቁላል ቀዝቃዛ ቦታ ሲቀመጥ ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ሳይበላሽ ይቆያል። ሙስሊም ጎረቤቶችና የከተማው ሆቴሎችም በጾም መግዛታቸውን አያቆሙም፤ አድራሻቸውን አስቀድሞ ማወቅ የልጁ ፈንታ ነው።

ጭልፊቱንና ሸለምጥማጡን በጥሩ ቆጥና በሚዘጋ በር መከላከል ይቻላል። ፈንግል ግን በር አይዘጋበትም። የአንዱ ቤት ዶሮ ተከትባ የጎረቤቱ ካልተከተበች መንደሩ እንዳለ አደጋ ላይ ነው። የክትባቱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚሆን ስለሆነና ከተከፈተ በዚያው ቀን ማለቅ ስላለበት አንድ ልጅ ለአሥር ዶሮ ብቻ ሊገዛው አይችልም። በመሆኑም በየጎጡ አንድ የክትባት ቀን ተቆርጦ በተለይም ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ሁሉም በአንድ ላይ እንዲያስከትብ ማድረግ የቀበሌው ኃላፊዎችና የእንስሳት ጤና ባለሙያው ሥራ ነው። ልጅ አሥር ቄብ ገዝቶ በአንድ ሳምንት አሥሩንም ሲቀብር ሌላ ሥራ ለመጀመር ድፍረቱን ያጣል፤ ኪሳራው ከዶሮው ዋጋ በላይ ነው።

በግ ማሞከት ትንሽ ከፍ ያለ መነሻ ገንዘብ ላለው ልጅ ይሆናል። አንድ ወይም ሁለት ወንድ በግ በጥምቀት ሰሞን ተገዝቶ፣ በቅድሚያ የውስጥ ጥገኛ መድኃኒት ተሰጥቶት፣ ከሣርና ከድርቆሽ በተጨማሪ በቀን 300 ግራም የፋጉሎና የፉሩሽካ ድብልቅ ሲቀርብለት በ90 ቀን 27 ኪሎ ድብልቅ ይበላል፤ ለፋሲካ ገበያም ይደርሳል። ንብ ማነብም ጥሩ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ማር የሚቆረጠው በአብዛኛው አደይ አበባ ካለፈ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር ስለሆነ ልጅ ዓመት ሙሉ እንዲጠብቅ ያስገድደዋል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ቢጨመር ይመረጣል።

ስለ ሴቶች ልጆች ለብቻው መነገር ያለበት ነገር አለ። የእንቁላል ገንዘብ ከድሮም የእናት ገንዘብ ነው፤ ጨውና ቡና፣ ደብተርና እስክሪብቶ የሚገዛው በእርሱ ነው። ሆኖም ዶሮው ከአምስት ወደ ሃምሳ ሲደርስ ሥራው “ትልቅ ሆነ” ይባልና ወንድም ወይም አባት ይረከበዋል። ልጅቷ ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ትምህርት ቤት ሄዳ በተረፋት ሰዓት ያሳደገችውን ማለት ነው። የቤቱ ስምምነት በወረቀት ይሁን የተባለው ከማንም ይልቅ ለእርሷ ነው። በዚያው ወረቀት ላይ ውኃ የመቅዳቱን ተራ ወንድሟ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚይዝ ቢጻፍ ደግሞ የበለጠ ይጠቅማታል።

ይህ ሁሉ ሲባል ትምህርት ይቅር ማለት እንዳልሆነ መሰመር አለበት። ልጁ ከክፍል ከቀረ ሥራው ከዐቅሙ በላይ ሆኗልና ይቀነስ። የልጅ ሥራ በሚል ስም ልጅን ለሌላ ሰው ማሠራትም አይቻልም፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር የተከለከለ ነው።

በግብርና ኮሌጆች ስለ ኤክስቴንሽን ታሪክ ትምህርት ሲሰጥ የሚነሣ አንድ የአሜሪካ ታሪክ አለ። በ1902 እ.ኤ.አ. ኤ. ቢ. ግራሃም የተባለ የትምህርት ቤቶች ኃላፊ በኦሃዮ ግዛት የገጠር ልጆችን በክበብ አሰባስቦ በየራሳቸው ትንሽ ማሳ በቆሎና አትክልት እንዲያለሙ አደረገ። እንዲህ ዓይነቶቹ ክበቦች ኋላ “ፎር ኤች” በሚል ስም ታወቁ። በ1910 እ.ኤ.አ. በሳውዝ ካሮላይና ግዛት ጄሪ ሙር የተባለ የ15 ዓመት ልጅ ከአንድ ኤከር፣ ማለትም ከግማሽ ሄክታር ካነሰ መሬት፣ ከ228 ቡሼል በላይ በቆሎ አገኘ፤ በእኛ ሚዛን 58 ኩንታል ገደማ ነው። አባቶች አዲሱን የአስተራረስ ምክር ለመቀበል ሲያመነቱ ልጆቹ በራሳቸው ማሳ ሞክረው አሳዩ፤ አባቶችም ከልጆቻቸው ማሳ አይተው ተከተሉ። በአገራችንም ቢሆን የመድኃኒቱን ጽሑፍ አንብቦ ለቤተሰቡ የሚነግረው ብዙ ጊዜ ተማሪው ልጅ ነው።

አሁን ወደ ዩኒየኑ እንመለስ። ብዙዎቹ ልጆች ማኅበሩን የሚያውቁት አባታቸው ለማዳበሪያ ሲሰለፍ ነው። በ1991 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147 ዕድሜው 14 ዓመት የሞላው ሰው የመሠረታዊ ማኅበር አባል መሆን እንዲችል ፈቅዶ ነበር፤ ሆኖም ይህን ዕድል አስታውሶ ልጁን ለማኅበሩ ያስመዘገበ ወላጅ ጥቂት ነው። አዋጁ በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 985 የተተካ በመሆኑ የዛሬውን የአባልነት ሁኔታ የወረዳው የኅብረት ሥራ ባለሙያዎች ለየማኅበሩ ቢያብራሩ ይጠቅማል። ከአባልነት በመለስ ግን ማኅበራቱ አሁኑኑ ሊያደርጉት የሚችሉት ብዙ ነው።

ዩኒየኑ መኖ የሚሸጠው በኩንታል ነው። አሥር ዶሮ ያላት ልጅ ኩንታል መኖ ብትገዛ ሦስት ወር ሊደርስ ነው፤ እስከዚያ ይሻግታል፣ ገንዘቧም ይያዛል። መሠረታዊ ማኅበሩ ኩንታሉን ፈትቶ በአሥርና በሃያ ኪሎ መዝኖ ቢያከፋፍል የልጆቹ ትልቁ ችግር ተፈታ። እንቁላሉን በሳምንት አንድ ቀን፣ በገበያ ቀን ዋዜማ ተቀብሎ በጅምላ ለከተማ ሆቴሎች ማቅረብም ከማኅበሩ ዐቅም በላይ አይደለም። ዋጋው ለአዋቂ ከሚከፈለው እንዳያንስ፣ ገንዘቡም በአባት በኩል ሳይሆን በልጁ እጅ ወይም በስሙ በተከፈተ የቁጠባ ደብተር እንዲገባ የሒሳብ ሠራተኛው መመሪያ ሊሰጠው ይገባል። አንዳንድ ኃላፊ ይህ ለጥቂት እንቁላል የማይገባ ድካም ነው ሊል ይችላል። ዩኒየኑም ሲጀመር የተሰበሰበው የእያንዳንዱ ማኅበር እህል ጥቂት ነበር።

ቄቦቹ ከማባዣ ጣቢያ የሚመጡት አስቀድሞ ሲታዘዙ ነው፤ በጥር የታዘዘ ለፋሲካ አይደርስም። ስለዚህ ሥራውን ለመጀመር የሚፈልጉ ልጆች ስም፣ ከቤተሰባቸው ጋር ከተፈራረሙት ወረቀት ግልባጭ ጋር፣ ከየመሠረታዊ ማኅበሩ እስከ ኅዳር መጨረሻ ለዩኒየኑ የግብዓት ክፍል ቢደርስ ዶሮዎቹን ለጥምቀት ሰሞን ማከፋፈል ይቻላል።