ችግኛችን እንዲጸድቅ

የቱሉ ዲምቱ ነዋሪዎች፣ ፊደል ቆጥራችሁ ማንበብ የጀመራችሁ እናቶችና አባቶች፣ የዛሬው ንግግራችን በግቢያችን ስለምንተክለው ዛፍ ነው።

አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. ነው። ሕዝቡ ሲበዛ በዙሪያዋ የነበረው ዛፍ ተቆረጠ። ማገዶ ጠፋ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አንድ ዛፍ ከውጭ አገር መጣ። ከባሕር ማዶ ስለመጣ ባሕር ዛፍ ተባለ። ሰውም በየግቢው ተከለው። ከተማዋ ከማገዶ ችግር የወጣችው በዚህ ነው። እንግዲህ ግቢ ውስጥ የሚተከል ዛፍ ከተማ ያድናል ማለት ነው።

ዛሬ ደግሞ ጥላ ያስፈልገናል። አቧራ የሚያስቀርልን ቅጠል ያስፈልገናል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ ብዙ ችግኝ ተተክሏል። ነገር ግን መትከል ብቻውን አይበቃም። ችግኙ መጽደቅ አለበት።

ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። በአቃቂ ሜዳ ላይ የሚበዛው ግን ጥቁር አፈር፣ ዋልካ ነው። ዋልካ በክረምት ውሃ ይይዛል። ያን ጊዜ የችግኙ ሥር ታፍኖ ይበሰብሳል። በበጋ ደግሞ መሬቱ ይሰነጠቃል። ያን ጊዜ ሥሩ ይበጠሳል፤ ይደርቃል። «ተክዬው ነበር፤ እንጃ፣ ሞተ» የምንለው ለዚህ ነው። ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ቦታ እንምረጥ። ረጅም ዛፍ ከመብራት ሽቦ ሥር አይተከልም። ከግድግዳና ከውሃ ቧንቧም ይራቅ። ሰፊ ግቢ ያለው ወይራ ወይም ግራር ይትከል። ግቢው ጠባብ ከሆነ ጌሾ ወይም ኮክ ይሻላል። ባሕር ዛፍ ግን ውሃ በብዛት ስለሚስብ ለትንሽ ግቢ አይሆንም።

ሁለተኛ፣ ጉድጓዱን በግንቦት እንቆፍር። ጥልቀቱም ወርዱም ሁለት ሁለት ስንዝር ይሁን። አፈሩን በደንብ ከተብላላ ፍግ ጋር እናደባልቀው።

ሦስተኛ፣ ዝናቡ ሲጠና፣ በሐምሌ፣ እንትከል። ላስቲኩን ቀደን እናውጣ። ከነላስቲኩ የተተከለ ችግኝ ሥሩ እንደታሰረ ይቀራል። ችግኙ የሚቆምበት አፈር ከዙሪያው መሬት ከፍ ይበል። ውሃ እንዳይተኛበት ትንሽ ቦይ እናውጣለት።

አራተኛ፣ ዝናቡ ሲያቆም እንክብካቤው ይጀምራል እንጂ አያበቃም። ዙሪያውን እንኮትኩት። ገለባ ወይም ደረቅ ሣር እናልብሰው፤ ገለባው ግንዱን አይንካ። መሬቱ ሲሰነጠቅ ስንጥቁን በአፈር እንድፈን። በየሳምንቱ አንድ ባልዲ ውሃ ቀስ አድርገን እናጠጣው። አትክልት ያጠብንበት ውሃ ይሆናል። በረኪና ያለበት ውሃ ግን ይጎዳዋል።

አምስተኛ፣ በግና ፍየል እንዳይበላው በእሾህ እንጠረው።

«እኛ እኮ የምንኖረው ፎቅ ላይ ነው፤ ግቢ ከየት እናምጣ?» የምትሉ አላችሁ። እውነት ነው። በጋራ መኖሪያ ቤት ግቢው የጋራ ነው። ስለዚህ ችግኙም የጋራ ይሁን። ከኮሚቴያችሁ ጋር ተመካከሩና ቦታ ምረጡ። ውሃ የሚያጠጡትን ሰዎች ስም በተራ ጻፉ፤ ወረቀቱን ደረጃው አጠገብ ለጥፉት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? የጋራ ችግኝ የሚሞተው ሁሉም «ሌላው ያጠጣዋል» ሲል ነው። ስሙ ከተጻፈ ግን ተረኛው ይታወቃል።

ውድ አድማጮች፣ የቤት ሥራችሁ ይህ ነው። ደብተራችሁን አውጡ። ሦስት ነገር ጻፉ፦ የዛፉን ስም፣ የተተከለበትን ቀን፣ የሚያጠጣውን ሰው ስም። ውሃ ባጠጣችሁ ቁጥር ቀኑን ጻፉበት። መጪውን በጋ አልፎ በሰኔ አዲስ ቅጠል ካወጣ፣ «ጸድቋል» ብላችሁ በገዛ እጃችሁ ጻፉ።

በሉ፣ ደህና ሁኑ!