የሞተሩን ብቻ ሳይሆን የሽቦውንም ሒሳብ እንሥራ
(ለሞዴል አርሶ አደሮች በተዘጋጀ የመስኖ ሥልጠና ላይ የቀረበ ገለጻ)



የዛሬው ትምህርታችን የጉድጓድ ውሃ በኤሌክትሪክ ሞተር ለምትስቡና ለመሳብ ላሰባችሁ የሚሆን አጭር ሒሳብ ነው። ማባዛትና ማካፈል ብቻ ስለሆነ ትምህርት ቤት ያለ ልጃችሁም ሊያግዛችሁ ይችላል። መጀመሪያ ግን ሒሳቡ ባለመሠራቱ የደረሰውን ልንገራችሁ።

ባለፈው በጋ እኔ በምከታተለው ቀበሌ አንድ ጎበዝ አርሶ አደር ባለ ሁለት ፈረስ ጉልበት ሞተር ገዙ። ጉድጓዳቸው ከቆጣሪው 100 ሜትር ይርቃል። ሞተሩን ሲመርጡ ያማከርኳቸው እኔ ነኝ፤ ስለ ሽቦው ግን አልጠየቅኋቸውም። እሳቸውም ወጪ ለመቀነስ ለቤት መብራት የሚዘረጋውን ባለ 1.5 የመዳብ ሽቦ ዘረጉ። ሞተሩ እያቃሰተ ይነሳል፣ ውሃው ይሳሳል፣ የሞተሩ ግለት በእጅ አያስነካም። በሦስተኛው ሳምንት ተቃጠለ። ሽንኩርቱ ራስ መቋጠር የጀመረበት ጊዜ ነበር፤ ሞተሩ ተጠግኖ እስኪመለስ የማሳው ግማሽ ጠወለገ። ሁላችንም «ሞተሩ ጥራት የለውም» አልን። የተጠገነው ሞተር እንደገና መጋል ሲጀምር ነው ባለሙያ ጠርተን ያስለካነው።

ልኬቱን ለመረዳት ሽቦውን እንደ መስኖ ቦይ እንየው። ቮልቴጅ ውሃውን ቁልቁል እንደሚገፋው ከፍታ ነው፤ በቮልት ይለካል። ከረንት በቦዩ ውስጥ የሚያልፈው የውሃ መጠን ነው፤ በአምፒር ይለካል። ተቃውሞ የቦዩ መጥበብና መርዘም ነው፤ በኦም ይለካል። ኃይል ደግሞ በዋት ይለካል። የሚያስፈልጉን ሁለት ቀመሮች ናቸው፦

ተቃውሞ = ቮልት ÷ አምፒር
ኃይል = ቮልት × አምፒር

ባለሙያው ሞተሩ እየሠራ ሳለ ቆጣሪው ላይ 220 ቮልት፣ ሞተሩ ላይ 196 ቮልት አገኘ። ከረንቱ 10 አምፒር ነበር። ስለዚህ 220 ሲቀነስ 196፣ 24 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። የሽቦው ተቃውሞ 24 ÷ 10 = 2.4 ኦም ነው። ሽቦው የበላው ኃይል 24 × 10 = 240 ዋት ነው። ይህ ኃይል አንድ ጣሳ ውሃ ሳይስብ ሽቦ ሲያሞቅ የሚቀር ነው። በቀን 5 ሰዓት፣ ለ60 ቀን ብታጠጡ 72 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ቆጣሪው ይቆጥረዋል፤ እናንተም ትከፍሉታላችሁ።

ከሒሳቡ የከፋው ግን በሞተሩ ላይ የሚደርሰው ነው። ሥራ ላይ ያለ ሞተር ቮልቴጅ ሲያንሰው ከረንት አብዝቶ ይስባል፤ ስለዚህ ይግላል፣ በመጨረሻም ጥቅል ሽቦው ይቃጠላል። ሲነሳ ደግሞ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ይስባል። 30 አምፒር ቢስብ እንኳ 30 × 2.4 = 72 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። እያቃሰተ የሚነሳው ለዚህ ነው።

ይህን ሽቦ ከመግዛታችን በፊት ማወቅ እንችላለን። ርዝመቱ 1 ሜትር፣ ውፍረቱ 1 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ ተቃውሞ 0.0175 ኦም ያህል ነው። ይህን በርዝመቱ አባዙ፤ ከዚያ በሽቦው ካሬ ሚሊ ሜትር አካፍሉ። ከረንት ሄዶ ስለሚመለስ የ100 ሜትር ርቀት 200 ሜትር ሽቦ ነው። በ10 አምፒር መንገድ ላይ የሚቀረው እንዲህ ነው፦

ባለ 1.5 ሽቦ፦ 2.33 ኦም፣ 23 ቮልት ይቀራል
ባለ 2.5 ሽቦ፦ 1.4 ኦም፣ 14 ቮልት ይቀራል
ባለ 4 ሽቦ፦ 0.88 ኦም፣ 9 ቮልት ይቀራል
ባለ 6 ሽቦ፦ 0.58 ኦም፣ 6 ቮልት ይቀራል

መንገድ ላይ የሚቀረው ከ5 በመቶ፣ ማለትም ከ220 ቮልት ላይ ከ11 ቮልት ባይበልጥ ጥሩ ነው። ስለዚህ ለእኚህ አርሶ አደር ባለ 4 ሽቦ ያስፈልጋቸው ነበር። የአሉሚኒየም ሽቦ ከሆነ ተቃውሞው ከመዳብ 1.6 እጥፍ ያህል ስለሚሆን የበለጠ ወፍራም ይፈልጋል። በእጅ ተጠምዝዞ የተቀጠለ ሽቦም ተቃውሞ ይጨምራል። የሞተሩን አምፒር ግን በግምት አትያዙ፤ ሞተሩ ላይ ከተለጠፈው ሰሌዳ አንብቡ።

አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ። ሒሳቡ የእናንተ ነው፤ መለካቱና መቀጠሉ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሥራ ነው። የረጠበ ሰው አካል ተቃውሞ ወደ 1,000 ኦም ሊወርድ ይችላል። 220 ÷ 1,000 = 0.22 አምፒር ነው። ከ0.1 አምፒር ያነሰ ከረንት እንኳ ልብን ሊያቆም ይችላል። እርጥብ ማሳ ውስጥ ቆማችሁ የተላጠ ሽቦ አትንኩ፤ ልጆችም እንዳይጠጉ አድርጉ። ሞተሩ ያለ መሬት ሽቦ አይሥራ።

ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ሦስት ነገር ሥሩ። ከሞተሩ ሰሌዳ ላይ ቮልቱንና አምፒሩን ጻፉ። ከቆጣሪው እስከ ጉድጓዱ ያለውን ርቀት በሜትር ለኩ። የዘረጋችሁት ሽቦ ባለ ስንት እንደሆነ አረጋግጡ። ሦስቱን ቁጥሮች ይዛችሁ ወደ ልማት ጣቢያ ባለሙያችሁ ኑና አብረን እናስላ። ለመለማመጃም ጉድጓዱ 200 ሜትር ቢርቅ ባለ 4 ሽቦ ይበቃ እንደሆነ ሠርታችሁ አምጡ።

ጎረቤት የሚያየው የእናንተን ማሳ ነው፤ እናንተ የዘረጋችሁት ሽቦ በሌላውም ማሳ ይደገማል። እኔም ከእንግዲህ ሞተር ሳማክራችሁ ስለ ሽቦው መጠየቅ ከረሳሁ፣ እናንተ ጠይቁኝ።