የፍሬን ዲስክ ማሳደግና የሳነቴ ቁልቁለት
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን ርእስ የመኪና ፍሬን ነው። ስለ ታላላቅ ጉዳዮች መስማት የለመዳችሁ ሁሉ ስለ ጋራዥ ዕቃ ለመናገር መቆማችን ያስገርማችሁ ይሆናል። ነገር ግን ከሪራ ወይም ከደሎ መና ወገን ወደ ጎባና ወደ ሮቤ የሚመላለስ ሰው ሁሉ ነፍሱን ለአንድ ፔዳል አደራ ሰጥቶ ሳነቴን ይሻገራል። ነፍስን የሚያህል አደራ የተጣለበት ዕቃ ደግሞ ሊመረመር ይገባዋል ብለን እናምናለን።

ጥያቄው ይህ ነው፤ የአንድን መኪና የፊት ፍሬን ከሌላ ሞዴል በተወሰደ ሰፋ ያለ ዲስክ መለወጥ ይጠቅማልን? ብዙዎች ሳያመነቱ «እንዴታ!» ይላሉ። እኛ ግን «ይጠቅማል፤ ሆኖም ብዙ ሰው የሚጠብቀውን ጥቅም አይሰጥም» ብለን እንመልሳለን። ምክንያቱን በተራ እናቀርባለን።

በመጀመሪያ ነገሩ አዲስ አለመሆኑን እናስታውስ። እንግሊዛዊው ፍሬደሪክ ላንቸስተር በዲስክ ለሚሠራ ፍሬን የፈጠራ መብት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1902 ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 የደንሎፕ ዲስክ የተገጠመለት ጃጓር የለ ማንን የ24 ሰዓት ውድድር ካሸነፈ በኋላ የዓለም ፋብሪካዎች ከታምቡር ወደ ዲስክ ማዘንበል ጀመሩ። አገራችን በደንብ የምታውቀው ፎልክስዋገን ቢትል እንኳ በ1500 ሞዴሉ ላይ የፊት ዲስክ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። የቀድሞዎቹ ቢትሎች ባለቤቶችም የአዲሱን ዲስክ እየወሰዱ ለአሮጌው ይገጥሙ ጀመር።

ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ የቶዮታ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2002 የተሠራውን ፎርራነር የሚነዱ በርካታ አሜሪካውያን፣ እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2006 ከተሠራው ቱንድራ የሚበልጠውን ዲስክና ካሊፐር ወስደው ይገጥማሉ። ሁለቱም የአንድ ፋብሪካ ልጆች ስለሆኑ ዕቃው ይስማማል። ይሁን እንጂ ካሊፐሩ ቸርኬውን ከውስጥ የሚነካበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ ቸርኬ መለወጥ ወይም ማራቂያ ማስገባት ግድ ይሆናል። ወንድማማች በሆኑ መኪናዎች ላይ እንኳ እንዲህ ካስቸገረ፣ ዝምድና በሌላቸው ላይ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚያሻ መገመት አያዳግትም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ሰፊ ዲስክ ጉልበት የሚያገኘው ከርቀት ነው። ቡሎን አልፈታ ያለው መካኒክ የመፍቻውን እጀታ በቧንቧ እንደሚያስረዝመው ሁሉ፣ ፓዱ ዲስኩን የሚይዝበት ቦታ ከመሐሉ በራቀ መጠን ያው የእግር ርግጫ ይበልጥ ያስቆማል። ለምሳሌ ያ ርቀት 105 ሚሊ ሜትር የነበረው 115 ቢሆን፣ የማቆም ጉልበቱ ከመቶ 9 ተኩል እጅ ያህል ይጨምራል። ነገር ግን መኪናን በመጨረሻ የሚያቆመው ጎማው መሬቱን የሚይዝበት ኃይል ነው። አሮጌው ፍሬን በአንድ ኃይለኛ ርግጫ ጎማውን መቆለፍ ከቻለ፣ አዲሱ ዲስክ የማቆሚያውን ርቀት በአንድ ክንድ እንኳ አያሳጥረውም። ስለዚህ 15 ኪሎ ሜትር በማይሞላው በሮቤና በጎባ መካከል ባለው ሜዳ ለሚመላለስ ሰው ይህ ሁሉ ወጪ ከጌጥ አያልፍም።

በቁልቁለት ግን ሌላ ነገር ይመጣል፤ እርሱም ሙቀት ነው። ፍሬን የመኪናን ጉዞ ወደ ሙቀት የሚለውጥ መሣሪያ ነው። ከነጭነቱ 2,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 4,000 ሜትር ግድም ከፍታ ካለው ከሳነቴ አምባ ተነሥቶ ወደ ሐረና ጫካ ሲወርድ፣ የመጀመሪያውን 1,000 ሜትር ብቻ ብንወስድ፣ 24 ሚሊዮን ተኩል ጁል ኃይል ማስወገድ አለበት። ይህን በቀላሉ ለመረዳት፣ ያው መኪና በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየሮጠ 40 ጊዜ ያህል ሙሉ በሙሉ ቢቆም የሚፈጥረው ሙቀት ነው። ከ70 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል።

ይህን ሙቀት የሚቀበሉት በዋናነት ሁለቱ የፊት ዲስኮች ናቸው። ሰፊውና ወፍራሙ ዲስክ ብረቱ ስለሚበዛ ለመጋል ይዘገያል፤ ለነፋስ የሚሰጠው ገጽም ሰፊ ነው። እዚህ ላይ ጥቅሙ እውነተኛ ነው። ሆኖም ትልቅ ጋን ከትንሹ ዘግይቶ ይሞላል እንጂ፣ የሚቀዳበት ከሚፈስስበት የሚያንስ ከሆነ መሙላቱ አይቀርም። ዲስኩም እንዲሁ ነው። ነጂው ከአምባው ጫፍ እስከ ጫካው ድረስ እግሩን ከፍሬኑ ካላነሣ ትልቁም ዲስክ ይግላል፤ ልዩነቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ዝቅ ብሎ መሆኑ ነው።

የቦታችን ከፍታ ደግሞ ችግሩን ያበረታዋል። በ4,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ከመቶ 60 እጅ ያህል ብቻ ነው፤ አየሩም ስስ ነው። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ስስ አየር የጋለውን ዲስክ እንደ ቆላ አየር አያቀዘቅዘውም። ሁለተኛ፣ የነጂውን እግር የሚያግዘው የፍሬን ሰርቮ የሚሠራው በአየር ግፊት ልዩነት ስለሆነ፣ እርዳታው እዚያ ላይ ይቀንሳል፤ ፔዳሉም ይከብዳል። ሳነቴ ላይ «ፍሬኑ ደነደነብኝ» የሚል ነጂ ቢያጋጥመን አንሳቅበት። ሰፊ ዲስክ ከዚህ የጎደለውን ጉልበት በከፊል ይክሳል። ለደጋችን ዲስክ ማሳደግን የሚደግፈው ትክክለኛ ምክንያትም ይህ ነው እንላለን።

እንግዲህ ጥቅሙን ከተናገርን ጉዳቱንም መደበቅ አይገባንም። የመኪና ፍሬን በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል በሚዛን የተከፈለ ነው። የፊቱን ብቻ ብናበረታ የፊት ጎማዎች አስቀድመው ይቆለፋሉ፤ የተቆለፈ ጎማ ደግሞ መሪ አይሰማም። ዝናብ በጣለበት ጠጠር መንገድ ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለባሌ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ከዚህም ሌላ ትልቅ ፒስተን ያለው ካሊፐር ብዙ የፍሬን ዘይት ይጠይቃል። አሮጌው ማስተር ያንን ለማድረስ ፔዳሉ ጠለቅ ብሎ መውረድ አለበት፤ አንዳንዴም ማስተሩን መለወጥ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ይህን ሥራ የሚሠራ ጋራዥ ቢያንስ የሚከተሉትን ይለካ። የዲስኩ መሐል ቀዳዳ ልክ፣ የቡሎኖቹ ብዛትና ርቀት፣ የዲስኩ ጥልቀትና ውፍረት፣ ካሊፐሩ ከቸርኬው ጋር ያለው ክፍተት፣ መሪው እስከ መጨረሻ ሲዞር የፍሬኑ ቱቦ መወጠር አለመወጠሩ። የካሊፐር መያዣ ቁራጭ ብረት በብየዳ ተለጥፎ የሚሠራ ነገር አይደለም፤ ሰው የሚጭን መኪና ላይ እንዲህ ያለ ብየዳ ያየ መካኒክ ዝም ማለት የለበትም። ሥራው ካለቀ በኋላም ፈተናው በሜዳ፣ ሰው በሌለበት ቦታ፣ በዝግታ ተጀምሮ እየጨመረ ይሂድ እንጂ የመጀመሪያው ፈተና ሳነቴ አይሁን።

ከሁሉ በላይ ግን ቅደም ተከተሉን እንድታስተውሉልን እንለምናለን። ከዲስኩ በፊት ዘይቱ አለ። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን የሚጠበቅበት ዝቅተኛው ልክ 140 ነው። ዘይቱ ቱቦ ውስጥ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ሲጫኑት ይጨመቃል፤ ያን ጊዜ ፔዳሉ ባዶ ሆኖ ወለል ይነካል። አሮጌ ዘይት ይዞ ትልቅ ዲስክ መግጠም፣ ጣሪያው የሚያፈስ ቤት በር እንደ መለወጥ ነው። ከዘይቱ ቀጥሎ ያለቀ ፓድ፣ የተሰነጠቀ ቱቦ፣ የኋላ ታምቡርና ሸራ ይታዩ። ይህ ሁሉ ከዲስክ ለውጥ በብዙ እጅ ርካሽ ስለሆነ፣ በየቀኑ ሕዝብ የሚያመላልሰው ነጂም አቅም የሚፈቅደው ነው።

ከዘይቱም በፊት ደግሞ ማርሽ አለ። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ የሚወርድ መኪና ኃይሉን በሞተሩ ያስወግዳል፤ ፍሬኑም በመሐል እያረፈ ይቀዘቅዛል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ የሚለቅ ነጂ ግን ያንን 24 ሚሊዮን ተኩል ጁል ሁሉ በአራት ጎማ ፍሬን ላይ ይጭነዋል። የቆጠበው ጥቂት ብር ነው፤ በመያዣ ያስቀመጠው ግን የተሳፋሪውን ሕይወት ነው። መንገዱ ላይም ከብት የሚነዱ ሕፃናትና ድንገት የሚሻገር ቀይ ቀበሮ መኖራቸውን አንርሳ።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ይህ ነገር የመካኒኮች ብቻ ጉዳይ አይደለም። ፊዚክስ የምንማረው ለፈተና ብቻ ከሆነ፣ እውቀታችን ከጥቁር ሰሌዳው ሳይወርድ ይቀራል። ስለዚህ ሁለት ነገር እናሳስባለን። አንደኛው፣ ከመካከላችን ፈቃደኞች ተሰብስበው፣ በእጅ የሚያዝ የሙቀት መለኪያ ይዘው፣ ቁልቁለቱን ወርደው ሪራ የሚደርሱ መኪናዎችን ዲስክ በባለቤቶቹ ፈቃድ ይለኩ፤ በማርሽ የወረደውንና በፍሬን ብቻ የወረደውን ለይተው ይመዝግቡ። ሁለተኛው፣ ውጤቱን በአማርኛና በኦሮምኛ በአንድ ገጽ ጽፈን በየጋራዡና በየመናኸሪያው እንለጥፍ። መምህራኖቻችንም ምክራቸውን እንደማይነፍጉን ተስፋ እናደርጋለን።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ትልቅ ዲስክ መግጠም የሚችል ይግጠም፤ ለክቶ፣ ሚዛኑን ጠብቆ። የማይችል ግን አንድ ጠርሙስ አዲስ የፍሬን ዘይትና አንድ ከባድ ማርሽ አያጣም። ነገ ጧት ሳነቴን የምትሻገሩ ሁሉ፣ መኪናው ከመነሣቱ በፊት «ዘይቱ መቼ ተለወጠ?» ብላችሁ ነጂውን በትሕትና ጠይቁ።